ኸድሩ የትኛው

ዲላ ውስጥ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ዝቅ ብላ ከነበረችው ጠባብ ሱቅ ገብታችሁ «ባትሪ ስጠኝ» ብትሉት፣ ኸድሩ መጀመሪያ የሚላችሁ «የትኛውን?» ነበር። መደርደሪያው ላይ ያለው ባትሪ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። እሱም ያውቃል፣ እናንተም ታያላችሁ። ቢሆንም በጣታችሁ ካላሳያችሁት አይሰጣችሁም። «ያንን ነው? ይኼን ማለትህ ነው? እርግጠኛ ነህ?» ወይ ጉድ! የቸኮለ ሰው እዚያ ቆሞ በንዴት ይጨሳል። የከተማው ጎረምሳ መቼስ ስም ለማውጣት ማን ይቀድመዋል፣ «ኸድሩ የትኛው» ብሎ ሰየመው። ስሙ እስከ መቃብሩ ተከተለው። ልጁ ሱራያ እንኳ ትምህርት ቤት «የየትኛው ልጅ» ነበር የምትባለው።

እኛም ስቀናል። አላህም እግዜርም ይቅር ይበለን፣ ብዙ ስቀናል። ነገሩ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ግን ከሁለትና ከሦስት ሰው አይበልጡም ነበር፣ እነሱም አይስቁም።

በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ ኸድሩ የራሱ ሱቅ አልነበረውም። በልጅነቱ አጎቱ ከጉራጌ አገር አምጥቶት በአጎቱ ሱቅ ያደገ፣ አማርኛው የተጣራ፣ አፉ ማር የሆነ የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር። አዲስ አበባ የተቀመጡ አንድ ነጋዴ በደቡብ አምስት ቅርንጫፍ ከፍተው ሬዲዮ፣ የሸክላ ማጫወቻና ያገለገለ መኪና ይሸጡ ነበር፤ የዲላውን ቅርንጫፍ የሚመራላቸው ኸድሩ ነው። ከፊት ሬዲዮኖቹ ተደርድረው ይጮሃሉ፣ ከኋላ ግቢው ውስጥ መኪኖቹ ገዢ ይጠብቃሉ።

ታዲያ ወር በገባ በአሥረኛው ቀን ግድም በአውቶቡስ አንድ ፖስታ ይመጣል። በውስጡ የአምስቱ ቅርንጫፎች የወር ሽያጭ ውጤት በታይፕ ተመትቶ፣ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ ወጥቶለት ይገኛል። ባለቤቱ ይኼ ወረቀት ደንበኛ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ አዘዋል። ሚስትና ልጅ ያለውን ሰው እንደ ተማሪ! መስከረም፣ ዲላ አምስተኛ። ጥቅምት፣ ዲላ አምስተኛ። ኅዳር፣ ቡናው ተሸጦ ገንዘብ ይገባል በተባለበት ወር፣ ዲላ አራተኛ፤ ያውም የሶዶው ሻጭ ታሞ ተኝቶ ስለሰነበተ ነው። የዚያ ዓመት የቡና ዋጋ ወድቆ ነበር። ገበሬው ሬዲዮ ሊሰማ ይመጣል፣ ሰምቶ ይሄዳል። ይኼን ለአዲስ አበባ ቢጽፉት ማን ይሰማል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ከኅዳሩ ውጤት ጋር አብሮ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። ታኅሣሥም ከሦስተኛ ደረጃ በታች ከሆነ ቅርንጫፉ ይዘጋል፣ ሁለቱም ሠራተኞች ይሰናበታሉ ይላል።

ሁለተኛው ሠራተኛ ሙሉካ ነበር፣ መካኒኩ። የዱመርሶ ሰው ነው፣ ጌዴኦ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ። ጋራዥ ውስጥ ብሎን ሲያጥብ አድጎ፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር ሰው ሆኖ ነበር። ሳምንቱን ዲላ በኪራይ ክፍል ያድራል፤ ሚስቱ ካሳነሽና አራት ልጆቹ ግን እዚያው ዱመርሶ ናቸው። መሬት የለውም። አባቱ የሰው መሬት ሲያርስ የኖረ ጭሰኛ ነው። ኸድሩ ደብዳቤውን ያነበበ ዕለት ለሚስቱ ለጀሚሊያ እንዲህ ብሏት ነበር፦ «እኔስ አጎቴ ሱቅ እመለሳለሁ። ሙሉካን ማን ይቀበለዋል?»

ሙሉካ አማርኛ ላይ አንድ ነገር እስከ መጨረሻው አልሆነለትም። እሱና እሷን አይለይም። ሲፈልገው ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋታል። ሚስቱ ስትመጣ «ካሳነሽ መጣ» ይላል፣ ልጁ ሲታመም «ልጁ ታመመች»። ኸድሩንማ ካወቀው ጀምሮ «አንቺ» ነበር የሚለው።

«አንቺ ኸድሩ፣ መፍቻውን አቀብዪኝ።»

«እኔ ሴት ነኝ እንዴ ሙሉካ?»

«አይደለሽም። አንቺ ወንድ ነሽ።»

ኸድሩ በሳቅ ይሞታል። ሙሉካም ይስቃል፣ አይቀየምም። ቀልዱ ግን ቁም ነገርም ነበረው። ኸድሩ ካሚዮኑን «እሱ»፣ ትንሿን መኪና «እሷ» ነው የሚለው፣ እንደማንኛችንም። ሙሉካ ደግሞ «እሷ ዘይት ይጠጣል» ብሎ ይመጣል። ኸድሩ ወዲያው ሥራውን ትቶ እጁን ወገቡ ላይ ያደርግና «የትኛው? እሱ ነው እሷ?» ይላል። ሙሉካ በአገጩ ወደ ግቢው ያመለክታል፤ ኸድሩ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ መኪናዋ ትታወቃለች፤ ይሳሳቃሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠሩ። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

የታኅሣሥ ወር እያለቀ ሲሄድ ግቢው ውስጥ የቀሩት ሁለት መኪኖች ነበሩ፤ አንድ ግራጫ ካሚዮንና አንዲት አረንጓዴ ፒክአፕ። ኸድሩ ሬዲዮን በሱቅም በገበያም እየዞረ ሸጧል። አንዱን ለአንድ ሰርገኛ፣ አንዱን ለጠጅ ቤት፣ አንዱን ለመምህራን ማኅበር። ቢደምረው ቢቀንሰው ግን ሦስተኛ አይደርስም። አንድ መኪና ካልሄደ አለቀ።

ታኅሣሥ ሃያ ሰባት ቀን ደበበ መጣ። ደበበ የዱመርሶ ቡና ሰብሳቢ ነው፣ ከገበሬው እየገዛ ዲላ ለነጋዴ የሚያቀርብ፣ ጢሙ ገና ያልበቀለ ወጣት። ፒክአፗን ዞሮ ዞሮ አየ፣ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ ወደዳት።

«ጋሼ ኸድሩ፣ ገንዘቡን ከወንድሞቼ ጋር አዋጥተናል። ከገና ማግስት ይዤ እመጣለሁ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ፣ አደራ!»

«ያንተ ናት በቃ» አለው ኸድሩ። የዚያን ቀን ምሳውን በደስታ በላ። ከገና ማግስት ማለት ታኅሣሥ ሠላሳ ነው፣ የወሩ የመጨረሻ ቀን።

በማግስቱ፣ ሃያ ስምንት ቀን፣ የገና ገበያ ነበርና ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ዋለ። ሙሉካ ሙሉ ቀን ኋላ ግቢ ነበር፤ ምን ሲሠራ እንደዋለ ኸድሩ አላየውም። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ሙሉካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ፊት ወጣ። ለበዓል ወደ ዱመርሶ ሊሄድ ነው። ለልጆቹ የገዛው ከረሜላ በወረቀት ተጠቅልሎ ከኪሱ ብቅ ብሏል።

«አንቺ ኸድሩ» አለ። «እሱን እንዳትሸጪ። ፍሬን አይይዝም። ሜዳ ላይ ይይዛል፣ ቁልቁለት ላይ ይከዳል። ከገና ስመለስ እሠራታለሁ። እሷ ደህና ነው፣ ከፈለግሽ ሽጪው።»

ኸድሩ ሰማ። በደንብ ነው የሰማው። «እሱን እንዳትሸጪ» ማለት በኸድሩ አማርኛ ካሚዮኑን ማለት ነው፤ ካሚዮኑ አይሸጥም፣ ፒክአፗ ደህና ናት። ግሩም! ነገር ግን ሙሉካ «እሠራታለሁ» ብሏል። ደግሞም ካሚዮኑን ባለፈው ሳምንት ፈትቶ ገጥሞ «ጨርሻለሁ» ያለው ራሱ ሙሉካ ነው። ይኼ ሁሉ በኸድሩ ልብ ውስጥ እንደ ጥላ አለፈ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው፣ በቀን አሥር ጊዜ የሚላት ቃል።

ሙሉካ ጠበቀ። ይኼ ነው ኋላ ኸድሩን ዕድሜ ልኩን የበላው፤ ሙሉካ ጠብቆ ነበር። ቀልዱ እንደሚመጣ አውቆ ከንፈሩ ለሳቅ ተዘጋጅቷል፣ አገጩ ወደ ግቢው ሊያመለክት ብድግ ብሏል።

«በል ደህና ግባ» አለው ኸድሩ፣ ዓይኑን ወደ ደንበኛው መልሶ። «ለካሳነሽ ሰላም በልልኝ። መልካም ገና።»

ሙሉካ ትንሽ ቆመ። «እሺ» አለና ከረሜላውን ወደ ኪሱ ገፋ አድርጎ ወጣ።

ሠላሳ ቀን ላይ ደበበ ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥሮ መጣ። ኸድሩ ፒክአፗን ራሱ አስነስቶ ግቢው ውስጥ ነዳት፣ ፍሬኑን ረገጠ፣ ቆመች። እንደገና ነዳ፣ ረገጠ፣ ቆመች። ይዛለች እኮ! ሰው ራሱን ለማታለል ሲነሳ ምስክር አያጣም። ግቢው ሜዳ መሆኑን ግን ያውቅ ነበር። ቁልፉን ለደበበ ሰጠው፣ «ያርግልህ፣ ሠርተህ ብላባት» ብሎ መረቀው፣ የወሩን ሒሳብ ዘግቶ ለመጨረሻው አውቶቡስ አደረሰ። ደበበም እየዘፈነ ወደ ዱመርሶ ወጣ። ወደዚያ ዳገት ነው፤ ዳገት ፍሬን አይጠይቅም።

ጥር አራት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ደበበ ሱቁ ውስጥ ገባ። ልብሱ በአቧራና በደም ተበላሽቷል። ኸድሩ ሬዲዮኖቹን አጠፋ፣ አንድ በአንድ።

«ሙሉካ ሞተ» አለው ደበበ።

ቁጭ ብሎ ነገረው። ጠዋት ዱመርሶ ላይ ቡናውን ጭኖ፣ ከላይ ስድስት ሰው አሳፍሮ ወደ ዲላ ሊወርድ ሲል፣ ሙሉካ በበዓሉ ከሰነበተበት ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሥራው ሊመለስ ወደ መንገዱ ብቅ ይላል። መኪናዋን እንዳየ ከረሜላ እንደነጠቁት ሕፃን ጮኸ። ሁሉንም አስወረዳቸው። ደበበ ተቆጣ፣ «ገዝቻታለሁ! ንብረቴ ናት!» አለው። ሙሉካ ግን መንኮራኩሩ ፊት ቁጭ አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ለኸድሩ ነግሬ ነበር። ምላሴ ተሳስቶ ይሆናል፤ እሱ ብዬ ይሆናል፣ እሷ ብዬ ይሆናል፣ ኸድሩ ምን ታድርግ? ዲላ ወስጄ እሠራልሻለሁ።» ዕቃው የሚገኘው፣ መፍቻውም ያለው ዲላ ነው። ጭነቱን አራገፉ። በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያልኩ ብቻዬን አወርዳታለሁ አለ። ደበበና ሰዎቹ በእግር ተከተሉት። ወናጎ ሳይደርሱ፣ ትልቁ ቁልቁለት ላይ፣ ማርሹ ዘለለ። ኮረኮንቹ ላይ መኪናዋ እየጮኸች ሄደች፣ ከዚያ ገደሉ ነው።

«ደጋግሞ ጥፋቱ የኔ ነው ይል ነበር» አለ ደበበ እያለቀሰ። «እኔ ነበርኩ የምሞተው፣ ጋሼ ኸድሩ። እኔና ስድስት ሰው።»



ቀብሩ ላይ ቆመ። አፈር አለበሰ። የዱመርሶ ሰው ዳር ዳር ሆኖ የሚያወራውን ሰማ፦ «ምስኪን፣ ምላሱ ገደለው።» «አማርኛ አልችል ብሎ ነው የሞተው።» ደግሞ አንዱ ኸድሩን ትከሻውን ይዞ «አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ፣ የነገረህን ነው የሰማኸው» ብሎ አጽናናው። ኸድሩ አንገቱን ነቀነቀ፣ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ የኛ ሰዎች። ይነቅዛል! ያቺ ሳምንት ኸድሩ እህል በአፉ አልዞረም። ጀሚሊያ ቢታመም እንጂ ብላ ከአንድ ሼኽ ዘንድ ልትወስደው ተነስታ ነበር።

ጥር አሥራ ሦስት ፖስታው መጣ። የታኅሣሥ ወር የሽያጭ ውጤት። «አንደኛ፦ ዲላ።» ከሥሩ ባለቤቱ በእጃቸው ጽፈዋል፤ ሌሎች ቅርንጫፎች ከዲላ ይማሩ፣ ቅርንጫፉ ሥራውን ይቀጥላል፣ በሟቹ መካኒክ ምትክ ሌላ በቅርብ ይላካል። ለኸድሩም የሃምሳ ብር ሽልማት ታሽጎ መጥቷል። ኸድሩ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ካሉት ሦስት ወረቀቶች አጠገብ ይዞ ቆመ። በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ይኼን ቃል በሕልሙም አይቶት አያውቅም። ለጠፈው? አልለጠፈውም። አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ቆለፈ፣ ዱመርሶ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዘ።

ካሳነሽ ደጅ ላይ ተቀምጣ ቡና ትለቅም ነበር፣ የሰው ቡና፣ በቀን ክፍያ። ጥቁር ልብሷ ከሷ ይሰፋል፣ የተዋሰችው ነው። ኸድሩን ስታይ ተነሳችና በርጩማ አመጣችለት። ልጆቹ ከውስጥ እያዩ ነው። ሽልማቱን፣ ሃምሳውን ብር፣ መሬቱ ላይ በቀስታ አስቀመጠላት።

«ሁሉም ሰው ምላሱ ገደለው ይላል» አለች ካሳነሽ። የሷም አማርኛ እንደ ባሏ ነው። «እኔም ተናድጄበታለሁ፣ እውነቴን ነው። አማርኛውን ልመድ፣ በደንብ ልመድ ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኳት። ልጆቹ እንኳ በሰው ፊት የአባታቸውን ስም አያነሱም። ያፍራሉ።»

ኸድሩ ይኼን ሊሰማ አልመጣም ነበር። ምን ሊል እንደመጣም አያውቀውም ነበር፤ አሁን አወቀው።

«ሙሉካ አልተሳሳተም» አላት። «ስሚኝ ካሳነሽ። ገብቶኝ ነበር። ፒክአፗን ማለቱ እንደሆነ ልቤ ያውቅ ነበር። ወሩ እያለቀ ነበር፣ ቅርንጫፉ ሊዘጋ ነው ብለው ጽፈው ነበር፣ ገዢው መጥቶ ነበር። ብጠይቀው በአገጩ ያሳየኛል፣ ካሳየኝ ደግሞ አልሸጣትም። ስለዚህ አልጠየቅኩትም። ይኼው ነው። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቹ ይስሙ።»

ካሳነሽ እጇ ላይ የነበረውን ፍሬ ሰፌዱ ላይ መለሰችው። ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ፣ ድንጋይ ታነሳለች ብሎ ጠበቀ፣ ቢሆንለት ይሻለው ነበር። እሷ ግን ነገሩ እንዳልገባት ሰው ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«አልጠየቅሽውም?» አለችው።

«አልጠየቅኩትም።»

«ሁልጊዜ ትጠይቂው ነበር እኮ» አለች ካሳነሽ። «ቅዳሜ ሲመጣ ለልጆቹ እንዳንቺ ወገቡን ይዞ ‹የትኛው? እሱ ነው እሷ?› እያለ ያስቃቸው ነበር።» ድምፅዋ መሰበር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። «አማርኛውን ልመድ ስለው እምቢ የሚለኝ ለምን ይመስልሻል? ‹ምን ያደርግልኛል› ይል ነበር፤ ‹ኸድሩ ትጠይቀኛለች›።»